ቃል አቀባዩ የማን ባለዕዳ ነው?

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። አጎትየው በሰሜን ጎንደር ወረዳዎች ሲሠሩ ኖረው፣ መሥሪያ ቤቱ «ማስታወቂያ» ከሚባልበት ዘመን ጀምረው «ኮሙኒኬሽን» ሲባል ጡረታ የወጡ ናቸው። ልጅቱ ባሕር ዳር ጋዜጠኝነት ተምራ፣ ደባርቅ ላይ ለኮሙኒኬሽን ባለሙያነት ተወዳድራ አልፋለች። ጎንደር፣ ከጃንተከል ብዙም ሳይርቁ ቡና ይጠጣሉ።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲለኝ አንቱ ብቻ ዝም አሉ።

አጎት፦ ደስስ ብሎኛል። ዝም ያልሁት ምን ልትሆኚ እንደምትገቢ ስላልገባኝ ነው። የመንግሥት ቃል አቀባይ ነው የምትሆኚው ወይስ የፓርቲ ቀስቃሽ?

ልጅ፦ የሥራ ማስታወቂያው «የኮሙኒኬሽን ባለሙያ» ነው የሚለው። ቢሮው አንድ፣ ደመወዙ አንድ፣ አለቃውም አንድ።

አጎት፦ ችግሩም ከዚያ ነው የሚጀምረው። ቀስቃሽ «ምረጡኝ» ይላል፤ ሰሚውም ቅስቀሳ መሆኑን ስለሚያውቅ ግማሹን ቀንሶ ይሰማዋል። ድምፅ የተሰጠ ማታ ሥራው ያልቃል፤ ቢዋሽም ያጋነነው ነገር እምብዛም ሰው አይጎዳም። ቃል አቀባይ ግን «ነገ ክትባት አለ፣ የሊማሊሞ መንገድ ተዘግቷል፣ ማዳበሪያው ገብቷል» የሚል ነው። ያን ሰምቶ ሰው አህያውን ጭኖ ይወጣል ወይም ይቀራል። ሁለቱን ሥራ ለአንድ አፍ ስትሰጪው ሕዝቡ ክትባቱንም እንደ ቅስቀሳ ግማሹን ቀንሶ ይሰማዋል።

ልጅ፦ ይህ እኮ ዛሬ የመጣ አይደለም። እዚሁ ጃንተከል ላይ ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ ሲነገር የኖረ ነው። የፋሲል ግቢ ራሱ እምቢልታ በር የሚባል በር አለው።

አጎት፦ አዋጅ ነጋሪ ቃል አቀባይ አይደለም። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ የንጉሡን ቃል አድርሶ ይሄዳል፤ ማንም «እንዴት? ለምን?» ብሎ አያፋጥጠውም። ለዛሬው ሙያ የሚቀርበው ዜና መዋዕል ጸሐፊው ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ከሁለቱ አለቆች አንብበሻል?

ልጅ፦ ከአለቃ ዘነብና ከአለቃ ወልደ ማርያም። ዘነብ ያሞግሳሉ፤ ወልደ ማርያም ይከሳሉ።

አጎት፦ እኔ ከሙገሳውና ከክሱ ይልቅ የጻፉበት ጊዜ ነው የሚገርመኝ። ዘነብ የጻፉት ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ነው፤ ትረካቸውም 1852 ገደማ ላይ ይቆማል። ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘርፈው ያቃጠሉት በ1859 ነው። ያ እሳት የዘነብ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ወልደ ማርያም ከመቅደላ በኋላ የሚፈሩት ንጉሥ ሳይኖር ጻፉ፤ እሳቱም ገባ። ዘነብን ዋሹ አልልም። ለግቢው የሚጽፍ ሰው መጽሐፉ የሚያልቀው ግቢው የማይፈልገው ነገር ሊመጣ ሲል ነው።

ልጅ፦ ወደ ዘመናችን እንምጣ። የመንግሥት ቃል አቀባይ ሲባል ሰው አፉ ላይ ቶሎ የሚመጣው በረከት ስምዖን ነው። እሳቸው ደግሞ የዚሁ ከተማ ልጅ ናቸው።

አጎት፦ አዎ፣ ጎንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው። በወጣትነታቸው ኢሕአፓ ገቡ፤ ከዚያ ተለይተው ወጥተው በኅዳር 1973 ኢሕዴንን ከመሠረቱት ውስጥ ሆኑ። ኢሕዴን በ1986 ብአዴን ተባለ። እሳቸው የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኑ፤ ኋላ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤትን መሩ። የሙያውን ከፍታም ውድቀትም በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ለሚሻ ከእሳቸው የተሻለ አያገኝም።

ልጅ፦ ከፍታው 1997 ነው?

አጎት፦ ከፍታውም ስንጥቁም። ያኔ የማስታወቂያ ሚኒስትር እሳቸው ናቸው፤ በምርጫው የገዥው ግንባር የኢሕአዴግ ቃል አቀባይም እሳቸው ናቸው። ሰዉ ክርክሩን በቴሌቪዥን ሲከታተል ከርሞ ግንቦት 7 ተሰልፎ መረጠ። በማግስቱ ምርጫ ቦርድ ውጤቱን ሳይገልጽ ኢሕአዴግ «አሸንፌያለሁ» አለ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ተቃዋሚው ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ወስዶ ነበር። እስቲ አስቢው፤ ያን ቀን ሚኒስትሩ ሲናገሩ የሚሰማው ማን ነው? መንግሥት ነው ወይስ ተወዳዳሪ?

ልጅ፦ ቦርዱ በኋላ የኢሕአዴግን መቀመጫ 327 ነው ብሎ አወጀ። ይህም ከ547ቱ አብላጫው ነው። ተናግረውት የነበረው ትክክል ሆኖ ተገኘ ቢባልስ?

አጎት፦ ትክክል ቢሆንም ያመነው ግማሹ ሰው ብቻ ነው። ጎሉን የሚያውጅ ሰው የአንዱን ቡድን ማልያ ለብሶ ከታየ፣ እውነቱን ቢናገር እንኳ ማን ይቀበለዋል? ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቂዋለሽ። በሰኔና በጥቅምት የፈሰሰውን ደም ያጣራው አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ሰላማውያን ቁጥር 193 አደረሰው። በዚያ ሁሉ መሀል መንግሥት የሚለው ነገር የማይሰማበት ጊዜ መጣ። አቶ በረከት ራሳቸው መቀመጫቸውን ያገኙት በነሐሴ በተደገመው ምርጫ ነው። ከዓመታት በኋላ «የሁለት ምርጫዎች ወግ» ብለው ያን ጊዜ ከ2002 ጋር እያነጻጸሩ መጽሐፍ ጻፉ። ተከራካሪ መሆናቸውን መጽሐፉም ይመሰክራል። እኔ ግን ከ1997 ይልቅ 2004 ነው የሚከነክነኝ።

ልጅ፦ የመለስ ሕመም።

አጎት፦ አዎ። አገሩ ሁሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የት እንዳሉ ይጠይቃል። ሐምሌ 12 ቀን አቶ በረከት ጋዜጠኞች ሰብስበው ታመዋል፣ ዕረፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል፣ ደህና ናቸው አሉ። ሳምንታት አለፉ። ነሐሴ 15 ማለዳ ቴሌቪዥኑ መለስ ሌሊቱን ማረፋቸውን ነገረን፤ መግለጫውን የሰጡትም እኚያው ሰው ናቸው።

ልጅ፦ የአገር ምሥጢር ነው እኮ። የመሪ ሕመም በየትኛውም አገር ይደበቃል። የሕክምና ነገር የግልም ነው።

አጎት፦ መደበቅና ማረጋገጫ መስጠት ይለያያሉ። «ታመዋል፤ ስለ ሕመሙ ዝርዝር አልናገርም፤ ሥራውን ምክትላቸው ይሸፍናሉ» ማለት ይቻላል፤ ማንም ውሸታም አይልሽም። «ደህና ናቸው» ስትዪ ግን ዋስ ገባሽ። ዋስ የገባ ሰው ባለዕዳው ሲጠፋ እሱ ይከፍላል።

ልጅ፦ የከፈሉት ግን በዚህ አይደለም። የታሰሩት በብአዴኑ ድርጅት በጥረት ኮርፖሬት ጉዳይ ነው።

አጎት፦ የፍርዱን ነገር ለፍርድ ቤት እንተወው። ነሐሴ 2010 ብአዴን ከማዕከላዊ ኮሚቴው አገዳቸው፤ ጥር 15 ቀን 2011 ከአቶ ታደሰ ካሳ ጋር ተያዙ፤ ሚያዝያ 30 ቀን 2012 ባሕር ዳር ያስቻለው ፍርድ ቤት ስድስት ዓመት ፈረደባቸው። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። በዚያው ነሐሴ 2010 ደብረ ማርቆስ ላይ «በረከት ሆቴል ውስጥ አለ» የሚል ወሬ ተነዛ። ሕዝቡ ሆቴሉን ከበበ፤ መኪና ተቃጠለ፤ ንብረት ወደመ። ሰውየው ግን እዚያ አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መግለጫ የሰጡ ሰው፣ «እዚያ የለሁም» የሚለውን አንድ ቃል የሚያምንላቸው አጡ። ወሬው ከእሳቸው ይልቅ ታመነ።

ልጅ፦ እሺ፤ ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ ግን አይጫኑት። ሰሎሜ ታደሰ በኤርትራው ጦርነት ጊዜ የመንግሥት ቃል አቀባይ ነበረች። ንጉሡ ጥላሁን ከአማራ ክልል ኮሙኒኬሽን ተነሥቶ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ፕሬስ ሴክሬታሪያት ኃላፊ ሆነ፤ ከዚያ ሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ሄደ። በ2014 ደግሞ ኮሙኒኬሽን አገልግሎት የሚባል ተቋቁሞ ዶክተር ለገሰ ቱሉ ተሾሙበት። ሰው ይቀያየራል፤ ስሙም ይቀያየራል።

አጎት፦ ሰውና ስም ብቻ። ወንበሩ ግን ሁልጊዜ የፓርቲ ነው። ሹመቱ ከፓርቲ ይመጣል፤ ሲወርድም ፓርቲ ያወርደዋል። እና ሰውየው መጀመሪያ የሚፈራው ማንን ይመስልሻል? የአዳርቃይን ገበሬ?

ልጅ፦ እምቢ ያለ የለም?

አጎት፦ ደራሲውን በዓሉ ግርማን እዪው። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር፤ ደርግ ኤርትራ ላይ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የቅስቀሳውን ሥራ ከውስጥ አየ። ያየውን «ኦሮማይ» ብሎ በ1975 አወጣው። ከሥራው ተነሣ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ከውስጥ ሆኖ ያወቀውን የተናገረ ሰው በእኛ አገር የገጠመው ይህ ነው። በውጭ አገር ደግሞ ጄራልድ ተርሆርስት የሚባል አሜሪካዊ አለ፤ የፕሬዝዳንት ፎርድ ፕሬስ ሴክሬታሪ። ጋዜጠኞች ከሥልጣን ስለለቀቀው ፕሬዝዳንት «ኒክሰን ምሕረት ሊደረግለት ነው?» ብለው ሲጠይቁት፣ ውስጥ ያሉት ባልደረቦቹ «የለም» በል አሉት፤ አለ። ከዚያ ጳጉሜን 3 ቀን 1966 ፎርድ ምሕረቱን አወጀ። ተርሆርስት ያኑ ዕለት ለቀቀ። ሥራውን ከያዘ ገና አንድ ወር ነበር።

ልጅ፦ ጳጉሜን 1966? ጃንሆይ ከመውረዳቸው በፊት እኮ ነው።

አጎት፦ አራት ቀን ሲቀረው። እዚህ ደግሞ በዚያው ሰሞን ደርግ የወሎን ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያቀያየረ በቴሌቪዥን አሳየ። እንዲያ ያለ ቅስቀሳ በዚህ አገር ተሠርቶ አያውቅም። ኃይል የሰጠው ደግሞ ደርግ አይደለም፤ የንጉሡ መንግሥት ስለ ረሃቡ ዝም ማለቱ ነው። ረሃቡን ራሱ ቀድሞ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ያ ፊልም ማታ ላይ ዜና አይሆንም ነበር።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ተርሆርስት የሚመለስበት ጋዜጣ ነበረው። እኔ ከደባርቅ ለቅቄ የት እመለሳለሁ? የቤት ኪራይ አለ፤ እናቴ አለች። «ለቀቀ» ብሎ ማድነቅ ቀላል ነው።

አጎት፦ ይህን ነጥብ ሰጥቼሻለሁ። በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ጀግና እንዲሆን መጠየቅ ግፍ ነው። ስለዚህ ከልብሽ ጥንካሬ ላይ ሳይሆን ከሥራሽ አሠራር ላይ እንነጋገር። የተፈተንሽበትን ጽሑፍ እስቲ አንብቢልኝ።

ልጅ፦ (ከስልኳ እያነበበች) «በዞኑ የመኸር ወቅት የአፈር ማዳበሪያ አቅርቦትን በተሻለ መልኩ ለማሳለጥ ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እየተሠራ መሆኑ ተገለጸ።» ከፍተኛ ነጥብ ያገኘሁበት ነው።

አጎት፦ አይገርመኝም። አሁን የጃናሞራ ገበሬ ሁኚና ስሚው። ምን ታደርጊያለሽ? ነገ ትወጫለሽ? ትቀሪያለሽ? ስንት ብር ትይዣለሽ?

ልጅ፦ ምንም አላውቅም።

አጎት፦ እሱም አያውቅም። ስለዚህ ከሞንታርቦው ይልቅ ባዶ አህያውን እየነዳ ከመጋዘን የተመለሰ ጎረቤቱን ያምናል። ልክም ነው። በይ፣ አብረን እንጻፈው። መጀመሪያ ለወረዳው የተመደበው ስንት ኩንታል ነው?

ልጅ፦ ቁጥሩን ከግብርና ጽሕፈት ቤት አመጣለሁ። ክፍት ልተወው። «ለጃናሞራ ወረዳ ዘንድሮ የተመደበው ይህን ያህል ኩንታል ነው። እስከ ዛሬ የገባው ይህን ያህል ነው።»

አጎት፦ ጥሩ። የቀረውስ?

ልጅ፦ «የቀረው አልደረሰም። መቼ እንደሚደርስ የሚታወቅ ቀን የለም፤ ሲታወቅ በዚህ ቦታ እንነግራችኋለን።» ይህን ግን አለቃዬ አይፈርምበትም።

አጎት፦ ቀጥዪ፤ አለቃሽን ወደ ኋላ እናገኘዋለን።

ልጅ፦ «የገባው የሚከፋፈለው መካነ ብርሃን መጋዘን በእነዚህ ቀናት ነው። የኩንታሉ ዋጋ ይህን ያህል ብር ነው። ከዚህ በላይ የጠየቃችሁ ካለ ለእገሌ ክፍል ንገሩ።»

አጎት፦ አየሽ? አጠረ። ማሞገሻ የለውም፤ የባለሥልጣን ስም አልገባበትም። ቁጥሩ ካልተሞላ ግን አይወጣም፤ ክፍቱን ለመሙላት መጋዘን ድረስ ትሄጃለሽ፤ የሥራሽ ትልቁ ክፍል ይሄ መሄዱ ነው።

ልጅ፦ «እጥረት አለ» ስል «ሕዝብ ታነሳሺያለሽ» ይሉኛል።

አጎት፦ በ2015 ክረምት መግቢያ ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሰልፍ ወጣ። ያነሳሳው ማን ነው? እጥረቱን የተናገረ ነው ወይስ እጥረቱ? ሐምሌ 24 ቀን 2008 እዚሁ ጎንደር ሕዝቡ ገንፍሎ አደባባይ ሲወጣስ የመንግሥት ሚዲያ ነግሮት ነው የወጣ? «ሰልፉ አልተፈቀደም» ተብሎ ነበር እኮ። ሰዉ ያላወቀ መስሎሽ የምትደብቂው ነገር ቀድሞ ከቤቱ ያለ ነው።

ልጅ፦ የጦርነቱ ጊዜስ? ያኔ ቁጥር ራሱ መሣሪያ ነው።

አጎት፦ ያኔ ነው ጥንቃቄው የሚበረታ። ነሐሴ መጨረሻ 2013 ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የአካባቢው ባለሥልጣናት ከ100 በላይ ሰው መሞቱን ተናገሩ፤ ሕወሓት ክሱን አስተባበለ። ኋላ ሂዩማን ራይትስ ዎች አጣርቶ፣ 26 ሰላማውያን ተይዘው መረሸናቸውን አረጋገጠ። ሁለቱ ቁጥር የግድ አይጣላም፤ አንዱ የሞተውን ሁሉ ሊቆጥር ይችላል፣ ሌላው በምስክር ያረጋገጠውን ግድያ ብቻ ይቆጥራል። ግን ምን እንደቆጠርሽ ካልነገርሽ፣ የሚክደው ሰው በልዩነቱ መሀል ገብቶ የሞቱትን ሁሉ ሊያጠፋብሽ ይሞክራል። ሟች በስም፣ በቀበሌ፣ በቀን መመዝገብ አለበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሚጠራው ግን የጻፈው ሰው ካለ ነው።

ልጅ፦ በዚያ ላይ የምንሠራው ለፌስቡክ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ የየመሥሪያ ቤቱ ገጽ ግን መግለጫ መለጠፉን አላቆመም። ማን ያነበዋል ብዬ ሳስብ…

አጎት፦ አለቃ ያነበዋል። ላይኛው ያነበዋል። ለዚህ ነው የማን ባለዕዳ ነሽ ብዬ የምጠይቅሽ። መግለጫው የሚጻፈው ለሪፖርት ከሆነ፣ ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም ሥራው «ተሠርቷል» ይባላል።

ልጅ፦ እሺ፣ አሠራር እንነጋገር ብለዋል። አለቃዬ «አጥፊው» ሲለኝ በምን እመልስለታለሁ? «አጎቴ ነግሮኛል» ልበለው?

አጎት፦ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ።

ልጅ፦ ያ በ2013 በሌላ አዋጅ አልተተካም?

አጎት፦ የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተተክቷል። መረጃ የማግኘት መብቱ ግን እንዳለ ነው። አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ዜጋ ሲጠይቀው በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል፤ ከከለከለም ምክንያቱን ይጽፋል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። አስተዋልሽ? ሕጉ አንቺን መግለጫ አውጪ ብሎ አያውቅሽም። ጥያቄ መላሽ ብሎ ነው የሚያውቅሽ። ጠያቂውም ሚኒስትር ወይም ጋዜጠኛ መሆን አይጠበቅበትም፤ ዜጋ ከሆነ ይበቃል።

ልጅ፦ ሰው ግን መብቱን አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ እንኳ ለፈተና ነው የተማርነው።

አጎት፦ ስለማያውቅ አልጠየቀም፤ ስላልጠየቀም ቢሮው ቅስቀሳ ሲሠራ ይውላል። አንድ ጠያቂ ከመጣ ግን አለቃሽ «አጥፊው» ለማለት ሕግ መጣስ አለበት። ያኔ ጀግንነት አያስፈልግሽም፤ መዝገብ ይበቃሻል።

ልጅ፦ መዝገብ እከፍታለሁ እንግዲያው። የጠያቂ ስም፣ ጥያቄው፣ የመጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። በየወሩ የገባውን ጥያቄና የመለስነውን ቁጥር ከቢሮው በር እለጥፋለሁ። ፓርቲው ምርጫ ሲደርስ ቀስቅሺ ካለኝስ?

አጎት፦ በራሱ ሰው፣ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ሞንታርቦ ይቀስቅስ። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ግን የፓርቲ ቃል አይግባ። ይህን አንዱን ብትጠብቂ ቀሪው ይጠበቃል። ሕዝቡ የቢሮውን ማኅተም ሲያይ «ይኸ ስለ ማዳበሪያው ነው» ማለት ይለምዳል፤ ያን ቀን ክትባትም ጦርነትም ቢመጣ ይሰማሻል።

ልጅ፦ አለቃዬ መዝገቡን አይወደውም።

አጎት፦ አይወደውም። ሦስት ወር ሲያየው ግን ወደ ዞን ስብሰባ ይዞት ይሄዳል፤ ከሱ በላይ ያለው «ሕዝቡ ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቀው የሚመልሰው ሌላ ነገር የለውማ።

ልጅ፦ ጠያቂ ካልመጣስ? ባዶ መዝገብ ይዤ ልቀመጥ?

አጎት፦ ባዶ አይሆንም፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ አስመዘግባለሁ። በሰሜን ጎንደር ዞን በየወረዳው ዘንድሮ የተመደበው፣ የገባውና የተከፋፈለው ማዳበሪያ ስንት ኩንታል ነው? ሥራ የጀመርሽ ቀን ደባርቅ መጥቼ በጽሑፍ አስገባለሁ። ሠላሳ ቀን ነው ያለሽ፤ ዘመዴ ነሽ ብዬ አልጨምርልሽም።